ጉበትን ከእግር ምን አገናኘው?

መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

መስቀል ካለፈ ወዲህ ቤቱ ትንሽ ተንፍሷል። ከመጡት ዘመዶች ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ እማዬ ዓመቱን ሙሉ በዊጆ፣ በሴቶቹ የቅቤ ማኅበር፣ ስታጠራቅም የከረመችው ቅቤ ግን ገና አላለቀም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼም አልሄደም። የመርካቶ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ የቆየው ያለ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ዛሬ ከምሳ በኋላ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሲያወጣ ነው።

«አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ? እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

የአልትራሳውንድ ውጤት ነው። ለምርመራ የሄደው የሐሞት ጠጠር ተጠርጥሮ ነበር፤ ጠጠሩ ሳይገኝ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንዲሁ ሌላ ሲፈለግ ነው፤ ጉበት ስብ ቢሞላውም አያምምማ። ሐኪሙ «ቅባትና ጣፋጭ ቀንስ፣ ክብደትህን ቀንስ፣ እስፖርት ሥራ» ብሎ አሰናብቶታል።

«የቅባቱስ ይሁን፣ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አለ ጋሼ። «እኔን የገረመኝ እስፖርቱ ነው። ጉበትን ከእግር ምን አገናኘው? ጉበትህ ታሟል ብሎ እንደ ጎረምሳ ሩጥ ይለኛል እንዴ?» ቀጥሎ እማዬ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ካንሰር ይሄዳል ይላሉ። እውነት ነው?»

ሊሄድ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሄድም አልኩት። ስብ ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ጉበቱ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ለዓመታት ሲደራረብ ጉበቱ ይደነድናል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው። የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው እንዲህ በደነደነ ጉበት ላይ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጋሼ ደግሞ ገና መነሻው ላይ ነው ያለው።

የእግሩን ነገር አንብቤ እነግርሃለሁ ብዬ አሳደርኩት።

መስከረም 21፣ ወልቂጤ

ማታ ቁጥር ሳገላብጥ አመሸሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በ10 የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ 467,336 ሰዎችን ለ15 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። የሥራውንም የመዝናኛውንም እንቅስቃሴ ደምረው ሲያዩት፣ ብዙ የሚንቀሳቀሱት ከተቀማጮቹ ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ ላብ የሚያወጣ ነገር የሚሠሩት ደግሞ ዕድላቸው በግማሽ ያነሰ ነበር።

ጋሼ ላብ የሚያወጣ ነገር አይሠራም፤ አውቀዋለሁ። ለእሱ የሚሆነው በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሰዎች የመሩት ነው። 755,459 ሰዎች ያሉበት ነው። በሳምንት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ፈጠን ብሎ ከመራመድ ጋር የሚመጣጠን እንቅስቃሴ የሚያደርጉት፣ ምንም ከማያደርጉት ጋር ሲነጻጸሩ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ18 እስከ 27 በመቶ ዝቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚለውም ይኸው ልክ ነው። ሩጫ አይደለም፤ እርምጃ ነው።

መልካም ዜና ሲበዛ እጠራጠራለሁ። እነዚህ ጥናቶች ሰውን ከሰው ያነጻጽራሉ እንጂ አንዱን አራምደው ሌላውን አስቀምጠው አላዩም። ጉበቱ ውስጥ ውስጡን የታመመ ሰው ሳይታወቀው እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ በኋላ ሲታመም «አልተንቀሳቀሰም ነበር» ተብሎ ይመዘገባል። ደግሞም ስንት ሰዓት ተራመድክ ሲባል እውነቱን የሚናገር ማን ነው? የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ለእንቅስቃሴ የሰጠው ቦታ «ውስን ማስረጃ» የሚለውን ነው። ለቡና ግን ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቶታል፤ በቀን አንድ ሲኒ ሲጨመር የጉበት ካንሰር አደጋ በ14 በመቶ ቀንሶ ይታያል ይላል። እማዬ ይህን ብትሰማ አንድ ጀበና ትጨምራለች። የእኛ ቤት ቡና ጨውና ቅቤ ያለበት መሆኑን ግን እነዚያ ተመራማሪዎች ያሰቡበት አይመስለኝም።

ሌላም ያሰብኩት አለ። ከእነዚያ 467,336 አውሮፓውያን መካከል በዚያን ሁሉ ዓመት ዋናው ዓይነት የጉበት ካንሰር የያዛቸው 275 ናቸው፤ ከ1,700 ሰው አንድ መሆኑ ነው። ትንሽ የነበረው አደጋ በግማሽ ሲቀንስ ያው ትንሽ ነው። እኛ አገር የጉበት ካንሰር የሚመጣበት ዋናው በር ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ እመለሳለሁ።

መስከረም 24፣ ቸሃ

ጋሼን ይዤ ወደ አያቶቻችን መንደር ወጣሁ። «ዎክ እናድርግ» ስለው የአዲስ አበባ ሰው ስለሆነ ቃሉ አላስደነገጠውም።

ጀፎረ ላይ ለመራመድ ምክንያት አያስፈልግም። ሁለቱን የቤት ረድፎች የሚለየው ይህ ሰፊ የሣር መንገድ ሰርግ ያየ፣ ለቅሶ ያየ፣ ደመራ የተለኮሰበት፣ ፈረስ የተጋለበበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የፈረደበት ነው። ወደ ጀፎረ አጥሩን የሚገፋ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል፤ ስለዚህም ነው እስከ ዛሬ ስፋቱን ይዞ የቆየው። ከተሞቻችንን የሠሩ ሰዎች ከዚህ ትንሽ ቢማሩ ኖሮ ወልቂጤ ላይ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን ባልተራመድን ነበር።

መጠኑን ያሳየሁት በወሬ ነው። እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት፤ መካከለኛ የሚባለው እርሱ ነው። ጋሼ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ሱቅ ኪራይ እያወራ ሄደ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ዶላሩን ተወው። ትንሽ ቀነስ አደረግንና ወሬው ተመለሰ።

አንዲት አሮጊት፣ ጀርባቸው ላይ የእንሰት ቅጠል ተሸክመው ሲመጡ አገኙን። ቆም ብለው አዩን።

«ማን ሞቶ ነው ልጆቼ እንዲህ የምትቸኩሉት?»

«ማንም አልሞተም እናቴ፣ ለጉበቱ ነው» አልኳቸው።

«ጉበቱን ማን ነካው?» ብለው ከእኛ በፈጠነ እርምጃ ጥለውን ሄዱ። ሸክሙ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ጋሼ ሲስቅ ቆየና ጥያቄውን አነሣ፤ እግር ለጉበት ምን ያደርጋል? በነጋዴ ቋንቋ ነገርኩት። የበላኸው ስኳር ትልቁ ገዢ ጡንቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ ስትውል ገዢው አይመጣም፤ ዕቃው መጋዘን ይገባል፤ መጋዘኑ ጉበትህ ነው፤ እርሱም የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ገዢ ፍለጋ መጠኑ እየጨመረ ይመጣል፤ ኢንሱሊን ሲበዛ ደግሞ ሴል ማደግና መባዛት ይቀናዋል። ስትራመድ ጡንቻህ ያለ ብዙ ኢንሱሊን ስኳሩን ራሱ ይወስዳል።

«ታዲያ ክብደቴ ካልቀነሰ ምን ዋጋ አለው?»

አለው። ሲድኒ ላይ የተሠራ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንሽ ጥናት አለ፤ 19 ወፍራምና የማይንቀሳቀሱ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የተመደቡት ለአራት ሳምንት ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ክብደታቸው አልቀነሰም፤ የጉበታቸው ስብ ግን በ21 በመቶ ወረደ። ይህን የሰማሁ ጊዜ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም እስፖርት ጀምሮ ሚዛን ላይ ወጥቶ ምንም ሳያይ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ሚዛኑ ጉበትን አያይም። በአውሮፓው ጥናትም የወገብ ስፋት የእንቅስቃሴውን ጥቅም ያስረዳው 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው የመጣው በሌላ መንገድ ነው።

መስከረም 26፣ ወልቂጤ

ጋሼ ዛሬ ሄደ። እማዬ ቅቤ አስይዛዋለች። ምንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 8፣ ወልቂጤ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ከተማውን በእግር አቋረጥኩት። ወልቂጤ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ከዳር እስከ ዳር መራመድ ይቻላል። ግን ሰው ባጃጅ ይጠብቃል፤ ጠብቆም ለአጭር መንገድ ይሳፈራል። ሱቅ ያለው ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይውላል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ገጠር ተወልዶ፣ አርሶ፣ ተሸክሞ ያደገ ሰው ከተማ ሲገባ መቀመጥ የደረጃ ምልክት ይሆንበታል። የጋሼም ታሪክ ይኸው ነው። ልጅ ሆኖ በእግሩ ገበያ ወርዶ ይመለስ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ በጀርባው ዕቃ ተሸክሟል፤ ሱቅ ሲከፍት ሸክሙ ቆመ፤ አመጋገቡ ግን ያው የተሸካሚ አመጋገብ ሆኖ ቀረ።

በዚያው መንገድ ላይ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። የወልቂጤን የውኃ ችግር አገር ያውቀዋል። ሃያ ሊትር ውኃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ ሴት ስለ 150 ደቂቃ ማውራት ነውር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ በበቂ ሁኔታ የማይንቀሳቀሰው ኢትዮጵያዊ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ የእስፖርቱ ምክር ለአገር ሁሉ የሚነገር አይደለም። የሚነገረው ለጋሼ፣ ለሱቅ በሩ ወንበር፣ ለቢሮው፣ ለባጃጅ ነጂውም ጭምር ነው፤ እርሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ደግሞ ለእኛ ለመምህራን አይሠራም እንዳይባል፣ ቆመን ማስተማራችንን እንደ እስፖርት የምንቆጥር አለን።

ጥቅምት 20፣ ወልቂጤ

የአንድ ባልደረባዬን ወንድም ቀበርን። ገና ጎልማሳ ነበር፤ ከሲታ፣ እግረኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ። ዐይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ የባህል መድኃኒት ጠጣ። ሆዱ ውኃ ሲሞላ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። የሞተው ብዙም ሳይቆይ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዱ «እንዲህ ሲራመድ የሚውል ሰው!» አለ።

መመለስ ያልኩት በር ይኸውና። የሰውየው ምርመራ ያሳየው ሄፓታይተስ ቢን ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው በሰባት ያህሉ ደም ውስጥ ይህ ቫይረስ አለ። በጨቅላነቱ የያዘው ሕፃን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ የዛሬ የአርባ ዓመት ሰው ሕመም የተጀመረው እናቱ ስትወልደው፣ ወይም በልጅነቱ እንጥል ሲቆረጥ፣ ሲገረዝ፣ በጋራ ምላጭ ሲበጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ቫይረስ እርምጃ አያጠፋውም። ሠላሳና አርባ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲሮጥም አብሮ ይሮጣል።

ማታ ክፍሌን አሰብኩ። ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለው ክትባት አምስት ክትባት ባጣመረው መርፌ ውስጥ ተካቶ ለኢትዮጵያ ሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የማስተምራቸው ልጆች ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ ካልተዘለሉ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ተወግተዋል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው ግን አንዳችንም በሕፃንነታችን አላገኘነውም። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉበት አለ።

ክትባቱ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ ያስፈልግ ይሆናል። ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የሕፃናት ክትባት ጀመረች፤ ከስድስት እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች የጉበት ካንሰር ከ100,000 ከ0.70 ወደ 0.36 ወረደ። በዓመታት ውስጥ በግማሽ ማለት ነው፤ ያውም ሰው ሳይሮጥ። ቀድሞ ለተያዙት ደግሞ መድኃኒት አለ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በጀመረው ፕሮግራም ከ1,300 በላይ የቫይረሱ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ተለይተው ቴኖፎቪር ተሰጣቸው። ለኤች አይ ቪም የሚሰጥ ያው የሚዋጥ ኪኒን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ራሱ የአንድ ጠብታ ደም ጉዳይ ነው።

ለጋሼ ደወልኩለት። ጉበትህን በአልትራሳውንድ ሲያዩ ቫይረሱን መርምረውልሃል ወይ? «ምን ቫይረስ?» አለኝ።

ኅዳር 7፣ ቡታጅራ

ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ታላቅ እኅቴ እትዬ ዘንድ ነኝ። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማስ ስፖርት የሚሠሩት ሰዎች ዋናውን መንገድ ይዘውታል። ዘቢዳር በደመና ተከናንቦ ከላይ ያያል። ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ፊት ያለው ወጣት በፉጨት እየመራ፣ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ ከኋላ ደግሞ ልጆች ለመሳቅ እየተከተሉ። ጤና ሚኒስቴር በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንገዶችን ከመኪና ነፃ የማድረጉን ነገር ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው የእሑድ እስፖርት በየከተማው ተዛምቷል። እኔም ገባሁ። እትዬ ግን ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «እኔ ሰኞም ማክሰኞም ስሠራ ነው የምውለው፣ እሑድ ልረፍ» አለች። ልክ ናት።

ቡና ላይ አማቷ የጥንቱን አነሡ። ወጣት ሳሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ ብለው የሚጽፉ ልጆች ይመጡ ነበር። «የሞተው በምንድነው ሲሉኝ በሆዱ እላለሁ። እነሱም ይጽፋሉ» አሉ። እነዚያ ቆጣሪዎች የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ ዶክተር ደስታ ሻሜቦ የመሠረቱት፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ የያዘ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት በቁጥር ለማወቅ ከተሞከረባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዷ ይህች ከተማ ናት። «በሆዱ» የተባሉት ሞቶች ውስጥ ስንት ጉበት ተደብቆ እንደነበር አስቤ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ኅዳር 9፣ ቡታጅራ

ገበያ ወጣን። የማረቆ በርበሬ የሚገባበት ወቅት ነው፤ ዛላው በኩንታል ተቆልሎ አካባቢው ሁሉ ያስነጥሳል። እትዬ ስትገዛ ማየት ትምህርት ነው። ዛላውን ሰብራ ውስጡን ታያለች፣ ታሸታለች፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ የተረጨበትን በጣቷ ታውቀዋለች። ነጣ ያለ፣ ውስጡ የሻጋታ ድር የሠራ ካየች ትታ ትሄዳለች። ለወጥ ጣዕም ነው የምታደርገው፤ ለጉበት ግን ከእሑዱ እስፖርት ይልቅ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የታወቀ የጉበት ካንሰር አምጪ ነው። በርበሬና ሽሮ ውስጥ መኖሩን የአገራችን ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ በቆሎና ኦቾሎኒም ከእርጥበት ጋር ሲቀመጡ ይወዳቸዋል። ክፋቱ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ ነው። ሻንጋይ ውስጥ 18,244 ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን ብቻውን የጉበት ካንሰርን አደጋ 3 እጥፍ ገደማ፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻውን 7 እጥፍ ገደማ ሲያሳድገው፣ ሁለቱም ያሉበት ሰው ላይ 59 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በርበሬ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ወይም ቆርቆሮ ላይ፣ ቶሎ፣ እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ፤ የሻገተውን ከደህናው ጋር አብሮ አለማስፈጨት። መርዙ በመፍጨትም በመቁላትም አይጠፋም፤ እሳት ይችላል።

ከበርበሬው ተራ አለፍ ብሎ የጫት ተራ ነው። የእትዬ ባል ከዚያ ነው የተቀላቀለን። ቡታጅራና ጫት የቆየ ጉዳይ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአካባቢው 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሾቹ እንደሚቅሙ አግኝቷል፤ ብዙዎቹም ለጸሎት ለመንቃት ነው ብለዋል። ሐረር ላይ የተሠራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢትዮጵያውያንና የኖርዌጃውያን ጥናት ደግሞ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ለረጅም ዓመታት ብዙ የቃሙ ወንዶች ላይ ሕመሙ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ታየ። ለእትዬ ባል ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኔ እሑድ እሮጣለሁኮ» አለ።

ሩጫን እንደ ንስሐ የሚቆጥር ሰው አያለሁ፤ እየበዛም ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በርጩማና ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሮጦ ሒሳቡን የዘጋ የሚመስለው። ጉበት ሒሳብ የሚይዘው በየቀኑ ነው። ስቡ ከሚቀንስባቸው ጥናቶች አብዛኞቹ ሳምንቱን ከፋፍለው ለወራት ያንቀሳቀሱ ናቸው፤ ተመልሶ የተቀመጠ ሰው ስቡም ይመለሳል።

ኅዳር 25፣ ወልቂጤ

እንቅስቃሴ የጉበት ካንሰርን ይቀንሳል ስላቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች «ሰው ላይ ካልተሞከረ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የስዊዘርላንዱን የአይጦች ሙከራ ነገርኳቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የበርን ሰዎች የሠሩት። አይጦቹ ጉበታቸው ውስጥ ዕጢን የሚገታ አንድ ጂን እንዲጎድል ተደርገው የተወለዱ ናቸው፤ ጉበታቸው ስብ ይሞላል፣ ኋላም ካንሰር ያወጣል። ግማሾቹን በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ32 ሳምንት መሮጫ ማሽን ላይ አሮጧቸው። ካልሮጡት አይጦች ሁሉም፣ መቶ በመቶ፣ ተለቅ ያለ ዕጢ አወጡ። ከሮጡት 71 በመቶ።

ክፍሉ ዝም አለ። ከኋላ አንዷ፣ «መምህር፣ 71 በመቶ'ኮ ብዙ ነው» አለች።

ብዙ ነው። ጂኑ የጎደለበትን አይጥ ሩጫ አያድነውም፤ አንዳንዱን ያተርፋል፣ የሌላውን ያዘገያል። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ተውኩላቸው። ጉበት ላይ የሚፈጸመውን የኃይል አያያዝ እንቅስቃሴ እንደሚለውጠው፣ ለሴል መባዛት ትእዛዝ የሚያስተላልፈው መስመር በሮጡት ላይ እንደቀዘቀዘ ለፈተና አያስፈልጋችሁም ብዬ ነገርኳቸው፤ ይህን ካልኩ ሁሉም ይጽፉታል።

ታኅሣሥ 12፣ ወልቂጤ

ጋሼ ደወለ። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሮ ነፃ ሆኗል፤ ሲ'ንም ጨምረውለታል፣ የለበትም። የክትባቱን የመጀመሪያ መርፌ ባለፈው ወር ወስዷል፣ ሁለተኛውን ትናንት፤ ሦስተኛው ግንቦት ላይ ነው። ከአውቶቡስ ቀድሞ እየወረደ የቀረውን በእግሩ ወደ መርካቶ ይገባል። እዚያ መራመድ ራሱ ችሎታ ነው፤ ተሸካሚው «ወግድ!» ሲል መዝለልም አለበት። ክትፎውን ቀንሻለሁ ይላል፤ ይህን እንኳ ለእማዬ ስለ ጤናዋ ስል አልነገርኳትም።

ስኳሩንም ለካው አልኩት። ስኳር ሕመም ለብቻው የጉበት ካንሰርን አደጋ ስለሚጨምር፣ ስብ ካለበት ሰው ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚገኝ ነው። የጉበት ኢንዛይሞቹን ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እንዲያሠራ ሐኪሙ ቀጥሮታል። ጉበቱ የደነደነ ሰው ቢሆን ኖሮ አልትራሳውንዱም በየስድስት ወሩ ነበር፤ ዕጢ ሳያድግ ለማግኘት የሚደረገው እንደዚያ ነው። እሱ ግን እዚያ አልደረሰም።

«ባለቤትህስ ተመረመረች?»

«እሷ ምን ትሆናለች፣ ከልጆቹ ጋር ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች።»

«ሩጫው ደሟን አያሳይም ጋሼ። ልጆቹ በሕፃንነታቸው ተከትበዋል፤ እሷ ግን የእኔና የአንተ ትውልድ ናት።»

ትንሽ አጉረመረመና፣ ሐሙስ ሱቁን ከምሳ በኋላ ዘግቶ አብሯት እንደሚሄድ ነገረኝ። ቀጥሎ የቅቤ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀኝ።